የሸራ ጀልባ ናፍጣ ሞተር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉልበት ያጣል፤ ከየት ልጀምር?

ሸራ_አሽቀሎን፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጀልባዋ አሽቀሎን የቆመች፣ 10 ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለ ሸራ ናት። ሞተሯ ያንማር 3ጂኤም30ኤፍ፣ ባለ 3 ሲሊንደር ናፍጣ፣ በኩላንት የሚቀዘቅዘው ዓይነት ነው። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። በደቂቃ በ2,800 ዙር ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ምንም ሳይል ይሄዳል። ከዚያ ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ዙሩ ይወርዳል፤ 2,400፣ ቀጥሎ 2,000፣ አንዳንዴም 1,700። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያቃስት ይመስላል። ነዳጅ ሲቀነስለት በ1,500 ዙር ተረጋግቶ ይቀጥላል። ጠፍቶ 10 ደቂቃ ካረፈ እንደ አዲስ ተነስቶ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን ያው ነው።

ጥቁር ጢስ የለም። የሙቀት ጌጁ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከጢሱ ጋር የሚወጣው የባሕር ውሃም አልቀነሰም። ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ፊልትሮ አዲስ ነው። ከሱ በፊት ያለው ውሃ የሚለየው ፊልትሮ ራኮር 500፣ ባለ 10 ማይክሮን፣ አምና የተቀየረ ነው። ታንከሩ 80 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ብረት ሲሆን አሁን ሩብ ያህል ብቻ አለው። ባሕሩ ሲናወጥ ችግሩ ቶሎ ይመጣል፤ ጸጥ ባለ ቀን ይዘገያል።

ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኖዝሎችና በከፍተኛ ግፊት የሚገፋላቸው ትልቁ ፖምፓ ወርደው ይመርመሩ የሚል ምክር ደርሶኛል። ወጪው ቀላል አይደለም። ከዚያ በፊት መታየት ያለበት ነገር ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የምዕራብ ነፋስ ባለበት ቀን ሞተር ማሪናው መግቢያ ላይ ከከዳ የሞገድ መከላከያው ድንጋይ ሩቅ አይደለም፤ ይህን ሳልፈታ መውጣት አልፈልግም።

ናፍጣ_ሃይፋ፦

ኖዝሉንም ፖምፓውንም አሁን አትንካ። ያረጀ ኖዝል ወይም የተበላ ፖምፓ 10 ደቂቃ ስላረፈ አይድንም። እየሠራ የሚደክም፣ ሲያርፍ የሚድን፣ ነዳጅ ሲቀነስለት የሚረጋጋ፣ ጥቁር ጢስም የማያወጣ ሞተር ናፍጣ ጠምቶታል።

እንዲህ የሚሆንበትን ምክንያት ልንገርህ። ወደ ታንከሩ ውስጥ የወረደው መምጠጫ ቱቦ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ቀጭን ወንፊት አለው። ሞተሩ ናፍጣ በሳበ ቁጥር ታች የተኛው ዝቃጭ እየተጠጋ ይለጠፍበታል። በ1,500 ዙር የሚፈልገው ትንሽ ስለሆነ በጠበበው ቀዳዳ የሚያልፈው ይበቃዋል፤ በ2,800 ግን አይበቃውም። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ዝቃጩ ከወንፊቱ ይላቀቃል፣ መንገዱ ይከፈታል። ባሕር ሲናወጥ ቶሎ መምጣቱም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ ታንከሩ ሩብ ብቻ ሲሆን የሥሩ ዝቃጭ ሁሉ ይበጠበጣል።

ይህ እስካሁን ግምት ነው። የሚያረጋግጠው የጀሪካን ፈተና ነው። 10 ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ያዝ። ናፍጣ ሳቢዋ ትንሽ ፖምፓ መግቢያ ላይ ከራኮሩ የሚመጣውን ቱቦ ፍታና በምትኩ ከጀሪካኑ የሚነሳ፣ የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ አዲስ የነዳጅ ጎማ በፋሸታ (በጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቀህ ግጠም። ከኖዝሎቹ የሚመለሰው ቀጭን ቱቦ ወደ ታንከር የሚሄድ ከሆነ እሱንም ጀሪካኑ ውስጥ ክተተው። ጀሪካኑን እንዳይገለበጥ እሰረው፤ ክዳኑ አየር የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጀሪካኑን ከሞተሩ በላይ ይሰቅለዋል። ከላይ ከሆነ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርድና የደከመችውን ፖምፓ ይሸፍንላታል፤ አየር የምትስብ መጋጠሚያ ብትኖርም አትስብም። ፈተናው ‹‹አለፈ›› ይባላል፣ በሽታው ግን ቦታው ላይ ነው። ወለሉ ላይ፣ በታንከሩ ከፍታ አስቀምጠው።

አየሩን አውጥተህ፣ ጸጥ ባለ ቀን፣ ሸራው ለመዘርጋት ተዘጋጅቶ፣ ከወደቡ ሳትርቅ በ2,800 ዙር አንድ ሰዓት ሙሉ ንዳው። በዚህ ዙር በሰዓት ወደ 3 ሊትር ቢጠጣ ነው፤ 10 ሊትር ይበቃሃል። ጀልባዋን በድርብ ገመድ አስረህ ማርሽ አስገብቶ መሞከርም ይቻላል። ግን የታሰረች ጀልባ ፕሮፔለር ሸክም ስለሚበዛበት ዙሩ ባሕር ላይ ከምታየው ያንሳል፤ ያንን እንደ አዲስ ብልሽት እንዳትቆጥረው።

አንድ ሰዓት ሳይደክም ከሄደ ጥፋቱ ከታንከሩ እስከ ትንሿ ፖምፓ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከደከመ ከትንሿ ፖምፓ ወዲህ፣ ወይም በአየር፣ በጢስ መውጫ ወይም በፕሮፔለር በኩል ነው።

ከዚያ በፊት ሁለት ነገር እይ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ አሽት። የትንሿ ፖምፓ ዲያፍራም (ናፍጣውን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ከተቀደደ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ መጠኑ ከምልክቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እንዲህ ከሆነ ሞተሩን አታስነሳ፤ የቀጠነ ዘይት ብሮንዚናውን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ያስበላል። ሁለተኛው የታንከሩ መተንፈሻ ነው። ዙሩ ሲወርድ የመሙያውን ክዳን ክፈት፤ ‹‹ፉሽ›› ብሎ አየር ስቦ ሞተሩ ከተነቃቃ መተንፈሻው በጨው፣ በቀለም ወይም ነፍሳት በሠሩት ጭቃ ተደፍኗል።

ፕሮፔለር_ሄርዝሊያ፦

በጀሪካኑ እስማማለሁ። ፈተናው ናፍጣውን ነጻ ካወጣው ግን እነዚህን አትለፋቸው።

የነዳጅ መስጫው ገመድ። ሞተሩ ጠፍቶ እጀታውን እስከ መጨረሻ ግፋና ሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ ክንድ የማቆሚያ ብሎኑን መንካቱን በዓይንህ አረጋግጥ። ትንሽ እንኳ ከቀረው ሙሉ ጉልበት አይገኝም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሳይታይ ቀርቶ ፖምፓ ይወርዳል።

ፕሮፔለር። በዚህ ሙቅ ባሕር በበጋ አንድ ወር የቆመች ጀልባ ፕሮፔለሯ ላይ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ያላቸው ፍጥረታት ይለጠፉባታል። ምልክቱ ግን ካንተ ይለያል፦ በዜሮ ማርሽ ዙሩ እስከ ላይ ይወጣል፣ ማርሽ ሲገባ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አይደርስም፣ ጥቁር ጢስም ይከተለዋል። ይህ ሞተር በ3,600 ዙር 27 የፈረስ ጉልበት፣ ያለማቋረጥ ሲሠራ ደግሞ በ3,400 ዙር 24 እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የጀልባዋ ሆድ ንጹሕ ከሆነና ፕሮፔለሩ በልኩ ከተመረጠ ጸጥ ባለ ባሕር ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ከ3,400 እስከ 3,600 መድረስ አለበት። 2,900 ላይ ተገትሮ ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ ሸክሙ በዝቶበታል።

ጢስና ውሃ የሚገናኙበት ክርን። ውስጡ ጥላሸትና ጨው እየተጋገረ ይጠባል። ጉልበት የሚወስደው በወራት፣ ቀስ በቀስ ነው፤ በ30 ደቂቃ መጥቶ በ10 ደቂቃ አይሄድም። ጎማውን አውጥተህ በባትሪ እይ፤ ከጠበበ አውርደህ ፋቀው፣ ግድግዳው ከሳሳ ቀይረው፣ በመጋጠሚያው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በጢስ መውጫ በኩል ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ አንድ ጥፋት አውቃለሁ፦ የጎማው የውስጥ ሽፋን ሲላቀቅና ሲሞቅ ወደ ውስጥ ሲያብጥ። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ሞቆ ሳለ በእጅ ስትጫነው አንዱ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይለሰልሳል።

አየር። ዙሩ ሲወርድ የሞተሩን ክፍል ክዳን ክፈት። ወዲያው ካንሰራራ አየር አንሶታል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ ጨምቀህ እይ፤ የሚፈረፈር ከሆነ አትመልሰው፣ ሞተሩ ይውጠዋል።

ሸራ_አሽቀሎን፦

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ውጤቱ ይኸው። ዘይቱ ደህና ነው፣ ክንዱ ብሎኑን ይነካል። በጀሪካኑ፣ ወለል ላይ ሆኖ፣ በ2,800 ዙር 90 ደቂቃ ሄደ፤ አንዴም አልወረደም። ቱቦው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ በ30 ደቂቃው ወረደ፤ የመሙያው ክዳን ቢከፈትም ለውጥ የለም። ራኮሩ ብርጭቆ ሥር የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሃ፣ ከላዩ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር አለ። ፊልትሮውም ጠቁሯል፤ አዲስ ሲገባ የረዳው ለ40 ደቂቃ ብቻ ነው።

አየር እየሳበ ይሆን ወይስ መዘጋት ብቻ ነው? ታንከሩንስ እንዴት ልጀምረው?

ናፍጣ_ሃይፋ፦

እንግዲህ ትልቁ ፖምፓና ኖዝሎቹ ነጻ ወጡ። ያ ጥቁር አተላ ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት ድንበር ላይ የሚራባ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ውሃ ከሌለ አይራባም። ውሃው የሚመጣው ሁልጊዜ ከማደያ አይደለም፤ ሩብ ብቻ የያዘ ታንከር ቀን እየሞቀ ሌሊት እየበረደ ባዶው ግድግዳ ላይ ጤዛ ይይዛል። የመሙያው ክዳን የጎማ ቀለበት ካረጀም የባሕር ውሃ በዚያ ይገባል፤ እሱን ዛሬውኑ ቀይረው።

አየርና መዘጋትን ለመለየት ከራኮሩና ከትንሿ ፖምፓ መካከል 20 ሳንቲሜትር ያህል ናፍጣ የሚችል ግልጽ ጎማ ለጊዜው ግጠም። ዙሩ ሲወርድ አረፋ ካየህ አየር ይገባል፤ ናፍጣው ጥርት ብሎ ከታየ ተዘግቷል። ራኮሩ ላይ የቫኪዩም ጌጅ ብታክልበት የበለጠ ትረዳለህ። ሁሉም ንጹሕ ሲሆን መርፌው ዜሮ አጠገብ ይቆማል፤ ወደ 0.2 ባር ሲጠጋ ፊልትሮው ይቀየራል። አዲስ ፊልትሮ ገብቶም መርፌው ከፍ ካለ መዘጋቱ ከራኮሩ በፊት ነው።

ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። መንገዱ በጠበበ ቁጥር መሳቡ ይበረታል፤ መሳቡ ሲበረታ ደካማ መጋጠሚያ አየር ማስገባት ይጀምራል። እዚያ በኩል ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፣ የሚሳበው ወደ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ‹‹ደረቅ ነው፣ አያፈስም›› ብለህ አትለፈው። ራኮሩ ክዳን ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት፣ ብርጭቆው ሥር ያለውን ማፍሰሻ፣ ፋሸታዎቹንና ብሎኖቹ ሥር ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) ተራ በተራ እይ። የጎማ ቀለበቱ ፊልትሮ በተቀየረ ቁጥር ይቀየር፣ ሲገባም ናፍጣ ይቀባ። የመዳብ ሮንዴላ አንዴ ከተጨመቀ ይጠነክራል፤ አዲስ ከሌለህ እስኪቀላ አሙቀህ አቀዝቅዘው፣ ተመልሶ ይለሰልሳል። ነጩን የቴፍሎን ጥቅልል ናፍጣ መስመር ላይ አትጠቀም፤ ቅዳጁ ሄዶ ሌላ ቦታ ይደፍናል።

ወደ ታንከሩ እንምጣ። ራኮሩ መግቢያ ላይ ቱቦውን አውጣ፣ የመሙያውን ክዳን ክፈት፣ የጎማ ጀልባ መንፊያ የእግር ፖምፓ ገጥመህ ቀስ ብለህ ወደ ታንከሩ ንፋ። መጀመሪያ እምቢ ብሎ በድንገት ከተለቀቀና ታንከሩ ውስጥ መንቦጭቦጭ ከተሰማ ወንፊቱ ነው። ኮምፕሬሰር አትሞክር፤ ግፊቱ ታንከር ይሰነጥቃል። ባሕር ላይ ሳለህ ችግሩ ከመጣ ወደ ወደብ የሚያስገባህ ይኸው የእግር ፖምፓ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት መንገድ ይከፍታል።

መምጠጫ ቱቦውን ነቅለህ ወንፊቱን አውጣና ጣለው። ማጣራት የራኮሩ ሥራ ነው፤ እሱ ይታያል፣ ይቀየራል። ታንከር ሥር ያለ ወንፊት ግን ማንም አያየውም። የቱቦውን ጫፍ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ቁረጠው፤ ታንከሩ ሥር እንዳይጣበቅ ወደ 2 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቁም።

የቀረውን 20 ሊትር ከዝቅተኛው ማዕዘን በእጅ ፖምፓ ምጠጠው። መፈተሻ ክዳን ካለ ክፈትና ግድግዳውን ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጥረግ። ማዕበል ማብረጃ ክፍልፋዮች ካሉት እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ጥረግ፤ አንዱ ብቻ ተጠርጎ ሌላው ከቀረ በመጀመሪያው ማዕበል ሁሉም ይመለሳል። ክዳን ከሌለው ክዳን ማስበጀት ተገቢ ነው፤ በመሙያው በኩል የሚደረግ ጽዳት አጥጋቢ አይሆንም። ቆሻሻው ወደ ተቃጠለ ዘይት መሰብሰቢያ ይሄዳል፣ ወደ ባሕር አይደፋም።

ተሕዋሱን የሚገድለው መድኃኒት ከጽዳቱ በኋላ ነው፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን። ሳይጸዳ ከተጨመረ የሞተው ሁሉ በአንዴ ወደ ፊልትሮ ይጎርፋል። የናፍጣ ጎማዎቹንም አትርሳ፤ ከጫፉ 5 ሳንቲሜትር ቆርጠህ እይ። የውስጥ ሽፋኑ ከተላቀቀ ሲሳብ ይጣበቃል፣ ሲያርፍ ይከፈታል፤ ልክ እንደ ወንፊቱ ያታልላል። አዲሱ አይኤስኦ 7840 የታተመበት ይሁን።

አየር ስታወጣ በተራ ሂድ። የትንሿን ፖምፓ የእጅ ማንሻ ከፍ ዝቅ አድርግ፤ ምንም የማትገፋ ከሆነ የሚገፋት የሞተሩ ካም ጫፍ ላይ ቆማለችና ሞተሩን አንድ ዙር አሽከርክረው። የትንሹን ፊልትሮ የላይኛውን ብሎን አላላና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ አንሣ ጣል፤ እየፈሰሰ እያለ አጥብቀው። ቀጥሎ የትልቁን ፖምፓ ማስተንፈሻ ብሎን እንዲሁ። በመጨረሻ በ17 ቁልፍ የሦስቱን ኖዝሎች ቱቦ ዳዶ (ማጥበቂያ) በኖዝሉ በኩል ግማሽ ዙር አላላ፣ ነዳጅ መስጫውን ግማሽ አድርግ፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ከ10 ሰከንድ ሳታስበልጥ አዙር። ናፍጣ ብቅ ሲል አጥብቅ። እጅህን አታስጠጋ። ኖዝሉ የሚከፍተው በካሬ ሳንቲሜትር 170 ኪሎ ግፊት ነው፤ ቆዳ ይበሳል። የተበሳ ሰው ቁስሉ ነጥብ ቢያክልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ይህችን በተለይ አደራ፦ ሞተሪኖውን ደጋግመህ የምታዞር ከሆነ የባሕር ውሃ መግቢያውን ዝጋ። ሞተሩ ባይነሳም የውሃ ፖምፓው ውሃ ይገፋል፤ የሚያስወጣው የጢስ ግፊት ስለሌለ ማርሚታው (የጢስ ድምፅ ማፈኛው) ይሞላና ውሃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ለአየር ማውጣት ተብሎ ደህና ሞተር ይሞታል። እንደተነሳ ደግሞ ወዲያው ክፈት፤ አለዚያ የውሃ ፖምፓው የጎማ ክንፍ በደረቅ ዞሮ ይቀደዳል። የሞተሩ ቁልፍ ላይ ‹‹ውሃ ተዘግቷል›› የሚል ወረቀት አንጠልጥል።

ጣና_ባሕር_ዳር፦

ወንድሞቼ፣ ጣና ላይ ናፍጣ ሞተር ውስጣቸው የተተከለ ጀልባዎችን ለያዙ አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ሐይቁ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ለየ100 ሜትሩ ወደ 1 ከመቶ ጉልበት ያጣል። ባሕር ወለል ላይ 27 የነበረው እዚህ 22 ገደማ ነው። ስለዚህ ለባሕር የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል፤ ሙሉ ዙር ሳይደርስ ጥቁር ያጨሳል። መፍትሔው እርምጃው (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ነው፤ ሞተሩን መፍታት አይጠቅምም።

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ሥሩ ዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ዙር ያወርዳል፣ የውሃ መግቢያ ወንፊቱን ሲደፍን ደግሞ ሙቀት ያወጣል። ዙር ወርዶ ሙቀቱ ካልተነሳ ፕሮፔለሩን፣ አብሮ ከተነሳ ወንፊቱንም እዩ። ናፍጣው በበርሜል ለሚመጣላቸው፦ በርሜሉ አንድ ሌሊት ሳይነካ ይቁም፣ መምጠጫውም ከሥሩ አንድ ጋት ከፍ ይበል። ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ውሃ ካለ ጠዋት ሥሩ ላይ ለይቶ ይታያል።

ሸራ_አሽቀሎን፦

ተገኘ። ወንፊቱ ቆዳ በመሰለ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ተሸፍኖ ነበር፤ የቀረችው ቀዳዳ ክብሪት እንጨት አታስገባም። ከታንከሩ ሥር 3 ሊትር ያህል ውሃና አተላ ወጣ። አረፋም ታይቶ ነበር፣ የራኮሩ ክዳን ቀለበት ደርቆ ተሰንጥቋል። ሁሉም ተቀይሮ 3 ሰዓት በ2,800 ሄደ፤ ጌጁ ዜሮ አጠገብ ነው። ፊልትሮውን ከእንግዲህ በስንት ሰዓት ልቀይር?

ናፍጣ_ሃይፋ፦

ደስ ይላል። የራኮሩን ፊልትሮ ከ10 የሥራ ሰዓት በኋላ ቀይረው፤ ከግድግዳው የሚላቀቅ ቅሪት አይጠፋም። ከዚያ በ50 ሰዓት አንዴ ውሃውን አፍስስ፣ ከዚያ ወዲያ በጌጁ ተመራ። የሞተሩ ፊልትሮ በ250 ሰዓት ነው፣ ባይሞላም በዓመት አንዴ።

አሁን ታንከሩን ሙላውና መጠነኛ ማዕበል ባለበት ቀን፣ ነፋሱ ወደ ባሕር ዳርቻው የማያስጠጋህ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት አናውጠው። እዚያ ካለፈ መግቢያው ላይ ልትተማመንበት ትችላለህ። ጀልባው ላይ 3 የራኮር ፊልትሮ፣ 2 የሞተር ፊልትሮ፣ የክዳን ቀለበቶች፣ የመዳብ ሮንዴላ፣ 2 ሜትር ጎማና የ17 ቁልፉ ይኑሩ። ጀሪካኑንም ከነጎማውና ከነፋሸታው አትበትነው፤ ሞተሩ አጠገብ ታስሮ ይቀመጥ።